«እዚህ አገር መብት አለ»፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥታዊ ነፃነቶችና መብቶች ዳሰሳ

አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲጨዋወቱ ቶሎ ቶሎ ከአፋቸው የምትወጣ ዐረፍተ ነገር አለች፦ «እዚህ አገር እኮ መብት አለ።» አሠሪ በአነጋገር ዘዬ አሳብቦ ሥራ ሲከለክል ትነገራለች፤ አከራይ መልክ አይቶ ቤቱ ተይዟል ሲል ትነገራለች፤ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ሲያንገላታም ትነገራለች። አዲስ ለመጣ ሰው ምክርም ማጽናኛም ናት። እኔም ብዙ ጊዜ ብያታለሁ። ነገር ግን ከእነዚህ ሦስት ሰዎች መካከል ሕገ መንግሥቱ በቀጥታ የሚያስረው ፖሊሱን ብቻ ነው። አሠሪውንና አከራዩን የሚይዛቸው ሌላ ሕግ ነው፤ ያ ሕግ የወጣው ሕገ መንግሥቱ ከተጻፈ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ደም ፈሶበት ነው።

የአሜሪካ ሕግ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ይይዛል። አንደኛው መንግሥት እንዳይነካብን የተከለከለው ነው፤ ንግግራችን፣ እምነታችን፣ ቤታችን፣ ገላችን። ይህን የግል ነፃነት እንበለው። ሁለተኛው ከሌላው ሰው እኩል እንድንታይ የምንጠይቀው ነው፤ በምርጫ ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ። ይህ የእኩልነት መብት ነው። የመጀመሪያው «አትንካኝ» ይላል፤ ሁለተኛው «አትለየኝ» ይላል። ሁለቱም ወረቀት ላይ በሰፈሩበት ቀን አልሠሩም። በአያቶቻችን ዘመን መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ቀጥ ይል ነበር ይባላል። ቃሉ እንዲሠራ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ጮሆ የሚናገርና ሰምቶ የሚቆም። የአሜሪካን መብቶች ታሪክ ሳነብ የምከተለው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ማን ጮኸ? ባለሥልጣኑስ ቆመ ወይ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕገ መንግሥቱ በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ሲረቀቅ የመብት ዝርዝር አልነበረውም። ዝርዝር ይጨመር የሚሉ ወገኖች አጥብቀው ስለተከራከሩ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ማሻሻያዎች በዲሴምበር 1791 ጸደቁ። አጻጻፋቸው ልብ ይባል፤ አብዛኞቹ መንግሥትን የሚከለክሉ ናቸው። ኮንግረስ የመናገርን ነፃነት የሚያጠብ ሕግ አያውጣ፤ ያለ በቂ ምክንያት ቤት አይበርበር፤ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድ። ከአርቃቂዎቹ ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ በባርነት የተያዘው ሰው ከዝርዝሩ ያገኘው አንዳች ነገር አልነበረም።

ሌላም ጉድለት ነበረ። በባልቲሞር ወደብ ጆን ባሮን የሚባል የመርከብ ማራገፊያ ባለቤት ነበር። ከተማው መንገድ ሲሠራ የጅረቶችን አቅጣጫ አስለወጠ፤ ደለል ማራገፊያውን ሞላው፤ መርከብ መጠጋት አልቻለም። ባሮን አምስተኛውን ማሻሻያ ይዞ ካሣ ጠየቀ። በ1833 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ዝርዝሩ የሚያስረው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው፣ ግዛቶችንና ከተሞችን አይመለከትም ብለው አሰናበቱት። እንግዲህ ሰው በየቀኑ የሚገጥመው ፖሊስ፣ ዳኛና ከንቲባ ሁሉ ከዝርዝሩ ውጭ ነበር ማለት ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ሦስት ማሻሻያዎች መጡ። ዐሥራ ሦስተኛው በ1865 ባርነትን አስቀረ፤ ዐሥራ አምስተኛው በ1870 በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ ከለከለ። መካከል ላይ ያለው የ1868ቱ ዐሥራ አራተኛ ማሻሻያ ግን የታሪኩ ሁሉ ምሰሶ ነው። በአገሪቱ ሥልጣን ሥር ሆኖ እዚያው የተወለደ ዜጋ ነው አለ። የትኛውም ግዛት ማንኛውንም ሰው ያለ ተገቢው የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነፃነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያሳጣ፣ የሕግን እኩል ጥበቃም እንዳይነፍግ አዘዘ። እዚህ ላይ «ዜጋ» አላለም፤ «ሰው» አለ።

ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያሳየው አንድ ልብስ አጣቢ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ1880 ያወጣችው ደንብ፣ ከጡብ ወይም ከድንጋይ ባልተሠራ ቤት ልብስ አጥቦ መተዳደር የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያውጣ ይላል። ሲያነቡት የእሳት አደጋ መከላከያ ነው፤ ዘር አይጠራም። በከተማዋ ከነበሩት 320 ያህል የልብስ ማጠቢያዎች 310ሩ የእንጨት ቤቶች ነበሩ። 200 ያህል ቻይናውያን ፈቃድ ጠየቁ፤ ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናዊ ያልሆኑ 80 ሰዎች ጠየቁ፤ ከአንድ በስተቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። በዚያው ቤት 22 ዓመት ሲያጥብ የኖረው ይክ ዎ ዐሥር ዶላር ተቀጣ፤ አልከፍልም ብሎ ታሰረ። በ1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈታው። ሕጉ ሲነበብ ንጹሕ ቢመስልም አስፈጻሚው በክፉ ዓይንና በአድሏዊ እጅ ከሠራበት እኩልነትን መንፈግ ነው አለ። ጥበቃውም የአገሩን ዜግነት ላልያዘውም ሰው ነው አለ። ዛሬ ጥገኝነት ጠይቆ ወረቀቱን የሚጠባበቅ ኢትዮጵያዊ፣ ከመባረሬ በፊት ዳኛ ፊት ቀርቤ ልሰማ ሲል የሚንተራሰው በአምስተኛውም በዐሥራ አራተኛውም ማሻሻያ ውስጥ ባለችው በዚህችው ቃል ነው።

በዚያው ዘመን ግን ይኸው ፍርድ ቤት ለጥቁሮች ጩኸት ጆሮውን ደፈነ። በ1883፣ ሆቴልና ቲያትር ቤት ጥቁሮችን እንዳይለይ የሚከለክለውን የ1875 ሕግ፣ ማሻሻያው መንግሥትን እንጂ የግል ነጋዴን አያስርም ብሎ ሻረው። በ1896 ደግሞ ሆመር ፕሌሲ በሉዊዚያና የነጮች ባቡር ፉርጎ ውስጥ መቀመጡን ወንጀል ያደረገውን ሕግ አጸደቀ። የተቃወሙት ዳኛ አንድ ጆን ማርሻል ሃርላን ብቻ ነበሩ። ያ ውሳኔ 58 ዓመት ሙሉ የሚሊዮኖችን ኑሮ ገዛ።

የባሮን ጉድለት የተሞላው በአንድ ጊዜ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ የመጀመሪያዎቹን ማሻሻያዎች በዐሥራ አራተኛው በኩል አንድ በአንድ እያሳለፈ ግዛቶችን አሰራቸው። በ1925 ንግግር ገባ። የጦር መሣሪያ መያዝ የገባው በ2010 ነው። ከመጠን ያለፈ የገንዘብ ቅጣት የተከለከለው ደግሞ በ2019፣ ኢንዲያና ውስጥ ፖሊስ 42 ሺህ ዶላር ያወጣበትን ላንድሮቨር የወረሰበት ሰው ተከራክሮ ነው፤ ለጥፋቱ ሕጉ ያስቀመጠው ከፍተኛው የገንዘብ ቅጣት 10 ሺህ ዶላር ነበር። በ1791 የተጻፈ ቃል እስከ ኢንዲያና መንገድ ለመድረስ 228 ዓመት ፈጀበት።

ከነፃነቶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የመናገር ነፃነት ነው። በጥንካሬው ግን ገና ወጣት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሶሻሊስቱ መሪ ዩጂን ዴብስ ባደረገው ንግግር ዐሥር ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1919 በሙሉ ድምፅ አጸናው። የዛሬው መስፈርት የመጣው በ1969፣ በኦሃዮ አንድ የዘረኛው ኩ ክለክስ ክላን መሪ ባቀረበው ይግባኝ ነው፤ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያው ሕገ ወጥ ድርጊት ለመቀስቀስ ታስቦ ሲነገርና ያንኑም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። ጥላቻን የሚያስተናግድ ሕግ ነው ብለው የሚያዝኑ ወገኖቻችንን አውቃለሁ፤ ኀዘናቸውም እውነት ነው። እኔ ግን መስፈርቱን የምደግፈው አላባማን እያሰብኩ ነው። በዚያ የሞንትጎመሪ ባለሥልጣን ለማርቲን ሉተር ኪንግ መከላከያ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በወጣ ማስታወቂያ ስሜ ጠፋ ብሎ ኒውዮርክ ታይምስንና አራት ጥቁር ቀሳውስትን ከሰሰ፤ ጁሪው 500 ሺህ ዶላር ፈረደለት። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ባይሽር ኖሮ ስለ ደቡቡ ግፍ የሚጽፍ ጋዜጣ ባልተረፈ ነበር። ለዳኛ አፍ የመዝጋት ሥልጣን ቢሰጠው ኖሮ በዚያን ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚዘጋው የእነዚያ ቀሳውስት አፍ ነበር።

የዚህ ነፃነት ዳር ድንበር የት እንደሚያልቅ በእኛ ወገን ደም የተጻፈ መዝገብ አለ። ለትምህርት ወደ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን የመጣው የ28 ዓመቱ ሙሉጌታ ሥራው በኖቬምበር 1988 አንድ ሌሊት ጓደኞቹ በመኪና ከመኖሪያው ደጃፍ ሲያደርሱት፣ ሦስት ጠጉራቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች ደርሰው ጠብ ጫሩ። በቤዝቦል ዱላ ራሱን ቀጥቅጠው ገደሉት። ገዳዮቹ ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው ድርጅት ግን ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያ የሚኖረውን የዋይት አርያን ሬዚስታንስ መሪ ቶም ሜትዝገርን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ።

ሜትዝገር ያን ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም። መከራከሪያው የመጀመሪያው ማሻሻያ ነበር፤ የተናገርኩት ሐሳቤን ነው የሚል። ከሳሾቹም ስለ ሐሳቡ አልተከራከሩትም። ያቀረቡት ማስረጃ፣ ወኪሉን ወደ ፖርትላንድ ልኮ ወጣቶቹን ለጥቃት ማደራጀቱንና ማሠልጠኑን የሚመለከት ነበር፤ ወኪሉ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። በ1990 ጁሪው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ይግባኙም አልተሳካም፤ የሜትዝገር ቤት ተሸጠ። ከተፈረደው ገንዘብ ለቤተሰቡ የደረሰው ጥቂቱ ቢሆንም ድርጅቱ ተሽመደመደ። ዘረኛ ሐሳብ መያዝና መናገር አይከለከልም፤ ሰው ልኮ ማስደብደብ ግን በማሻሻያው ጥላ ሥር አይጠለልም። መስመሩ የተሰመረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ወንጀል ችሎት እንግባ። በ1961 ፓናማ ሲቲ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ፑል ቤት ሌሊት ተሰብሮ፣ ከሲጋራ መሸጫውና ሙዚቃ ከሚያጫውተው ማሽን ሳንቲም፣ ከመጠጡም ጥቂት ተሰረቀ። ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን ተያዘ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ከዚያ በፊት ደጋግሞ የታሰረ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ነበር። ጠበቃ ይቁምልኝ ሲል ዳኛው በፍሎሪዳ ሕግ መንግሥት ጠበቃ የሚያቆመው ሞት ለሚያስፈርድ ወንጀል ብቻ ነው አሉት። ራሱ ምስክር ጠየቀ፣ ራሱ ተከራከረ፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከወህኒ ቤቱ መጻፊያ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ ፊደል እየሳተ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጻፈ። ማመልከቻው ተነበበ። በማርች 1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ድሃ ተከሳሽ በከባድ ወንጀል ሲከሰስ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ግዴታ አለበት ብለው ወሰኑ። በኦገስት ጉዳዩ እዚያው ፓናማ ሲቲ እንደገና ታየ። በዚህ ጊዜ ጠበቃ ነበረው፤ ጠበቃው ዋናውን የዓቃቤ ሕግ ምስክር ሲያፋጥጠው ምስክሩ ራሱ ተጠርጣሪ መስሎ ታየ። ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል ተመካክሮ ጊዲዮንን ነፃ አወጣው። ሰውየው ያው፣ ክሱ ያው፣ ከተማው ያው፤ የተጨመረው አንድ ጠበቃ ነው። ስለ ሕግ እርዳታ የሚከራከር ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የምነግረው ይህንን ነው።

በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ሌሎቹም ተከተሉ። በ1961 ፖሊስ ያለ ትእዛዝ በርብሮ ያገኘው ማስረጃ በግዛት ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀርብ ታገደ። በ1966 የተያዘ ሰው ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለትና የጠበቃ መብት እንዳለው ይነገረው ተባለ፤ በፊልም የለመድነው ንግግር ከዚህ የመጣ ነው። በ2018 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የአንድን ሰው የ127 ቀን የሞባይል መገኛ መረጃ ያለ መበርበሪያ ትእዛዝ መውሰዱን አልተቀበለም። በሌላ በኩል በ1996፣ ጥቃቅን የትራፊክ ጥፋት እስከተገኘ ድረስ ፖሊሱ በልቡ ሌላ ነገር ቢያስብም መኪናውን ማስቆሙ ሕጋዊ ነው ተባለ። ታክሲ ነድቶ ለሚያድር ሰው ከእነዚህ ሁሉ በየቀኑ የሚያገኘው ይህ የመጨረሻው ነው። ደግሞም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ፍርዶች 97፣ ከግዛቶቹ 94 በመቶ የሚሆኑት የሚያልቁት ተከሳሹ በድርድር ጥፋቱን ሲያምን ነው። የጊዲዮን ዓይነት ክርክር ጁሪ ፊት የሚደርሰው በጥቂቶች ዕድል ነው።

የእኩልነቱን መንገድ ለማየት ዋሽንግተን ከሚኖሩ ወገኖቻችን በመኪና ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚርቀው የቨርጂኒያው ፋርምቪል ይበቃል። የጥቁሮቹ የሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪዎች ተሠርቶ ከ400 በላይ ይማሩበት ነበር፤ ትርፉ የተመደበው በሬንጅ ወረቀት በተለበጡ፣ ዝናብ በሚያፈሱ ዳሶች ውስጥ ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ርእሰ መምህሩ በስልክ ተጠርተው ከግቢው እንዲወጡ አደረገች፣ በስማቸው ተማሪውን አዳራሽ ሰበሰበች፣ አድማ መራች። የእነዚህ ልጆች ክስ በ1954 ብራውን በሚል ስም የተወሰነው መዝገብ ካቀፋቸው አምስት ክሶች አንዱ ሆነ፤ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት በባሕርዩ እኩል አይደለም ተባለ።

ቀጥሎ የሆነው ግን ከድሉ በላይ ያስተምረኛል። ፋርምቪል የሚገኝበት ካውንቲ ልጆቹን ቀላቅሎ ከማስተማር ይልቅ በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ብዙ ጥቁር ልጆች አምስት ዓመት ያለ ትምህርት ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ባዳ ቤት ተላኩ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደገና ካዘዘ በኋላ ነው። በስምንት ዓመቱ ትምህርት የተዘጋበት ልጅ ሲከፈትለት ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ፍርዱን አሸንፎ፣ የፍርዱን ፍሬ ያጣ ትውልድ ነው።

ይህን እልኸኝነት የሰበረው የኮንግረስ ሕግ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ አሠሪውን በቀጥታ አሰረ። በ1883 የወደቀው ሐሳብ ይህን ጊዜ የቆመው ኮንግረስ በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ የመምራት ሥልጣኑን ስለተመረኮዘ ነው፤ 216 ክፍል ያለው የአትላንታ ሞቴል ጥቁር እንግዳ አልቀበልም ብሎ ቢከራከርም በዚያው ዓመት ተረታ። በ1965 የምርጫ መብት ሕግ፣ በ1968 የቤት ኪራይና ሽያጭ ሕግ ተከተሉ። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግም የዚያው ማዕበል ልጅ ነው፤ አውሮፓውያንን የሚያስቀድመውን የብሔር ኮታ ሽሮ ለአፍሪካውያን በሩን አሰፋ። እኛ እዚያ አገር መኖራችን በራሱ የእነዚያ ሰልፈኞች ውለታ አለበት።

የተገኘው ሁሉ እንደተገኘ አልቆየም። በ2013 ፍርድ ቤቱ፣ የመድልዎ ታሪክ ያላቸው ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያስገድደውን ቀመር ሻረ። በ2022 ለ49 ዓመት የቆየውን ጽንስ የማቋረጥ መብት አነሣ። ፍርሃት ሲነግሥ ደግሞ ሕጉ ከነጭራሹ ይተኛል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ወደ ካምፕ ተጋዙ። የምዕራቡን ባሕር ዳርቻ ለቃችሁ ውጡ የተባለበትን ትእዛዝ ፍርድ ቤቱ በ1944 አጸና፤ ኮንግረስ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት 20 ሺህ ዶላር የፈቀደው በ1988 ነው።

ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብቱ ሲጣስ ማን ይክሳል የሚለው ነው። በ1871 ኩ ክለክስ ክላንን ለመመከት የወጣ ሕግ፣ ባለሥልጣን መብቱን የጣሰበት ሰው እንዲከስ ይፈቅዳል። ሕጉ 90 ዓመት ያህል ተኝቶ ኖረ። የነቃው በ1961፣ የቺካጎ ፖሊሶች ማለዳ በር ሰብረው የገቡበትና ሳሎን ውስጥ ዕርቃናቸውን ያቆሟቸው ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ከሰው ነው። ኋላ ግን ዳኞች ራሳቸው ሌላ አጥር ሠሩ፤ ባለሥልጣኑ ካሣ የሚጠየቀው የጣሰው መብት ከዚያ በፊት በግልጽ የተረጋገጠ ሲሆን ብቻ ነው አሉ። አጥሩ ምን ያህል እንደሚጠብ የናሽቪሉን ጉዳይ ማየት ነው። እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ በተቀመጠ ተጠርጣሪ ላይ ፖሊስ ውሻ ለቀቀበት። ከዚያ በፊት በነበረ መዝገብ፣ መሬት ላይ በተኛ ሰው ላይ ውሻ መልቀቅ ጥፋት ነው ተብሎ ነበር። የይግባኙ ችሎት ተኝቶ እጅ መስጠትና ተቀምጦ እጅ መስጠት ይለያያሉ ብሎ ክሱን ዘጋ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2020 ለማየት አልፈቀደም። ይህን ፍርድ ለማንም ተራ ሰው አንብቤ ላስረዳው አልችልም።

ከኛው ማኅበረሰብም ተመሳሳይ በር የተዘጋበት አለ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ስሙ እንዲደበቅ ተፈቅዶለት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በኮምፒውተሬ ላይ የስለላ ፕሮግራም ጭኖ ጥሪዬንና የቤተሰቤን ጽሑፍ ሰልሎብኛል ሲል ዋሽንግተን ውስጥ ከሰሰ። ያለ ፈቃድ መጥለፍ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ድርጊቱ ከፊሉ ከአሜሪካ ውጭ ስለተፈጸመ የውጭ መንግሥት አይከሰስም አለ። ክሱ እውነት ነው አይደለም የሚለው ሳይመረመር ቀረ።

የካሣውና የእግዱ መንገድ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ደግሞ 2025 አሳየን። በጃንዋሪ 20 ፕሬዚዳንት ትራምፕ፣ እናቱ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያለች፣ አባቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ልጅ በመወለዱ ብቻ ዜግነት እንዳያገኝ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ወላጆቹ ቻይናውያን ሆነው ሳለ ዜጋ ነው ከተባለ፣ ከ1898 ጀምሮ ማለት ነው፣ 127 ዓመት አልፎ ነበር። የሥር ዳኞች ትእዛዙን ለመላ አገሪቱ አገዱት። በጁን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትእዛዙን ሕጋዊነት ሳይነካ፣ አንድ ዳኛ ከከሳሾቹ አልፎ ለአገሩ ሁሉ እግድ ማውጣት አይችልም አለ። ጠበቆቹ በዚያው ዕለት ሌላ መንገድ ያዙ፤ የቡድን ክስ። በጁላይ 10 የኒው ሃምፕሸር ፌዴራል ዳኛ ቡድኑን ተቀብለው ትእዛዙን እንደገና አገዱ። የቡድኑ አባላት ከፌብሯሪ 20 ቀን 2025 ወዲህ የተወለዱና የሚወለዱ፣ ትእዛዙ የሚነካቸው ልጆች ናቸው። በዚያ መዝገብ ላይ በሕግ አምላክ ባዮቹ ገና መናገር ያልጀመሩ ሕፃናት ነበሩ።